ያልደረቀው ኮላ

አናጢ ቀጠሮ አያከብርም እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ወንድሜን አያውቁትም። ማክሰኞ ውሰዱ ካለ ማክሰኞ ነው። ሰፈሩ «ሰዓቱ» እያለ የሚጠራው ለዚህ ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለችው ክፍል ስለምኖር፣ መላጊያው ሲጮህ እነቃለሁ፣ ሲያርፍ ምሳ አቀርባለሁ። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም።

ትዳሩ ግን እንደ እጁ ሥራ አልያዘለትም። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ወጣች፣ ሌላ አገባች። እሱም ልጁን ሳያይ ዓመት አለፈው። የልጅቷን ፎቶ የመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፎት ነበር፤ መዶሻ ባነሳ ቁጥር ያያታል።

አንድ ቅዳሜ እናትየው ልጅቷን ይዛ ከች አለች። የልጅቷ የታሪክ አስተማሪ፣ የጥንት ከተማ በግንብ ታጥራ እንዴት ትኖር እንደነበር በእጃችሁ ሠርታችሁ አምጡ ብሏቸው ኖሯል።

«ለትምህርቷ ስል ነው» አለችው፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመች። «እስኪያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ አመጣታለሁ። ከዚያ በኋላ በቃ። ትምህርት ሲዘጋ ባለቤቴ ወደተቀየረበት ከተማ እንሄዳለን።»

ወንድሜ ከዚህ ሁሉ የሰማው «እስኪያልቅ» የምትለዋን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ ይል ነበር። ልጅቷ ኮምፐርሳቶውን ስትለካ፣ እሱ ሲቆርጥ፣ ሁለቱም ሰጋቱራ ለብሰው ዋሉ። ስትሠራ ምላሷን በጎን ታወጣለች፤ ቁርጥ እሱን። ለግንቡ ባለ ሁለት ክንፍ በር ሠሩለት።

«አባዬ፣ በሩን ሲመሽ ይዘጉት ነበር አሉ፣ ጠላት እንዳይገባ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ያመሸ ሰውስ?»

«ውጭ ያድራላ።»

«ውስጥ ልጅ ቢኖረውም?»

ወንድሜ ብርጭቆ ወረቀት ልፈልግ ብሎ ዞረ። ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ማለቅ የነበረበት ሥራ አላለቀም። «በሩ ላይ ያለው ኮላ አልደረቀም፤ ከነካነው ይበላሻል» አላት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልደረቀም። ዛሬ የተጣበቀ ወንበር ላይ ነገ ሰው የሚያስቀምጥ ኮላ እኮ ነው! አንድ አርብ ብቅ ብል፣ በሩን ነቅሎ እንደ አዲስ ኮላ ሲቀባው አገኘሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ማርክ ልታሳጣት ነው እንዴ?»

«ተይኝ እትዬ» አለኝ። አንጀቴን በላው፤ ተውኩት።

ከዚያ እናትየው በአዘቦት ቀን ልጅቷን እየጎተተች መጣች። የማስረከቢያው ቀን አልፏል፤ የክፍሉ ልጆች ሥራቸውን ደርድረው የእኛዋ ባዶ እጇን ቆማለች። አስተማሪው ቢጠይቃት፣ ቢቆጣት «ኮላው አልደረቀም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

እናትየው የግንቡን በር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ድርቅ ብሏል። ልትሰድበው ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ስጠብቅ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ታውቃለች እኮ» አለችው። «ከመጀመሪያው ታውቃለች። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ አባዬ ይከፋዋል አለችኝ።»

ልጅቷ ጫማዋን ታያለች። ወንድሜ የት እንደሚያይ ጠፍቶታል። እኔ እናትየውን አልወዳትም፣ አልዋሽም፤ ያን ዕለት ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

«ነገም ካላስረከበች ዜሮ ነው። ጨርሰው» አለችው።

ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

የሠሯትን ከተማ ከእናትየው መኪና ኋላ ወንበር ላይ ሲያስቀምጧት፣ ልጅቷ አንዱን የበር ክንፍ ከማጠፊያው አወለቀችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይቺ ገና አልደረቀችም አባዬ። ስትደርቅ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

እናትየው ሰምታ እንዳልሰማች ሞተሩን አስነሳች።

ከሄዱ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ወንድሜ አሁንም ማክሰኞ ካለ ማክሰኞ ነው። የበሯ ክንፍ ፀሐይ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። አቧራ ልጠርግ እጄን ስሰነዝር «እንዳትነኪያት፣ አልደረቀችም» ይለኛል። ሌላ ጊዜ ምላሴ አያርፍም፤ ለዚህ ግን እሺ እለዋለሁ፣ ዙሪያዋን ብቻ ጠርጌ እወጣለሁ።