ልብሳቸው በጣም ንጹሕ ነው

እኔ አናጢ ነኝ፤ ሰው የማይኖርበት ቤት የምሠራ አናጢ። ፊልም በሚቀረጽበት ግቢ ውስጥ ከፊት ግድግዳ፣ ከኋላ ባዶ የሆነ ቤት አቆማለሁ፤ ቀረጻው ሲያልቅ አፈርሰዋለሁ። የሀብታም ሳሎን ሲሉኝ ቀጥ አድርጌ እመታለሁ። የቆላ ሰው ቤት ሲሉኝ ደግሞ አጣምሜ እንድመታ ይነገረኛል። ቆላ ሄጄ አላውቅም፤ የሚያዙኝም አልሄዱም። አንድ ጊዜ በሩን እንደ ሙያዬ አስተካክዬ ብገጥመው ረዳት አዘጋጁ አይቶ፣ ይኼ እኮ የቆላ ቤት አይመስልም ብሎ ማጠፊያውን አስነቀለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ አጣምማለሁ። ምን ይደረግ፣ ሆድ አለ።

ላወራ የተነሳሁት ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ አዳፋ ነው። የእኔን ወርክሾፕና የእሷን የልብስ ክፍል የሚለየው አንድ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ነበር። የልብስ ክፍል ኃላፊ ትባል እንጂ ከበታቿ አንድም ሰው አልነበራትም። ሥራዋ አዲስ ልብስ ማስረጀት ነው። ከገበያ ተገዝቶ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ ሸሚዝ ይመጣላታል። አንገትጌውን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች፣ በወፍራም ሻይ ትዘፈዝፈዋለች፣ በአመድና በጡብ ዱቄት ታሸዋለች። የላብ ወዝ የመሰለ ነገር ሲያስፈልግ የተቃጠለ የመኪና ዘይት በጨርቅ ትቀባዋለች፤ እሱ አንዴ ከያዘ በምንም አይለቅም። አዘጋጁ ሲፈልጋት «አዳፋ አምጡልኝ!» ብሎ ይጮህ ስለነበር ስሟ በዚያው ቀረ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው።

አመድ አፋሽ የሚባል እጅ አይቼ ከሆነ የእሷን ነው። ከቀን ወደ ቀን የምትደክምበት ልብስ በፊልሙ ላይ ሲታይ «እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው!» ከመባል በቀር ሌላ ምስጋና የለውም። ከሁሉ የሚያደክማት ደግሞ የቆላ ሰው ልብስ ነበር። በእኛ ፊልም የቆላ ሰው ከመጣ ወይ ይታለላል፣ ወይ ቢላ ይዟል፤ ሲናገር ይጮሃል፣ ሊፍት ሲያይ ይደነብራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ገላውም ልብሱም ውኃ የነካው መምሰል የለበትም። ተመልካቹ እየሳቀ ይወጣና በማግስቱ መንገድ ላይ የቆላ ሰው ሲያጋጥመው ቦርሳውን ወደ ደረቱ ያስጠጋል።

አዳፋ የቆላ ልጅ ናት።

ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ከኮምፔርሳቶው ማዶ በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ድምጿም አነጋገሯም የሌላ ሰው ሆነ። የምትጎትተው ቃል፣ የምታነሳው የምትጥለው ዜማ፣ አንጀት የሚያርስ አነጋገር ነበር። ከክፍሏ ስትወጣ ደጃፉ ላይ አገኘችኝና ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጆሮዬን ሰጋቱራ ደፍኖታል አልኳት። ገባት። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ አጫወተችኝ።

ግቢው ውስጥ እንደተቀጠረች ሰሞን አንዲት ቃል በአገሯ አነጋገር አምልጧት ነበር አሉ። ፊልም ቀራጩ፣ ሾፌሩ፣ ሻይ አፍዪዋ ሳይቀሩ ያቺን ቃል እየተቀባበሉ ሳምንቱን ሙሉ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ምላሷን እንደ ቁጥቋጦ ከረከመችው። ስለ ቆላ ሰው ቀልድ ሲነሳ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ሆነች። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይቺ ግን ቁርበት የጠየቀችው ልትጋደምበት ሳይሆን ልትሸፈንበት ነው።

የወጣችበትን የምትደብቅ ሰው ወዳጅ ማፍራት አትችልም። ወዳጅ ይጠይቃላ! ዘመዶችሽ የት ናቸው፣ በዓሉን ከማን ጋር ነው የምታሳልፊው ይላል። ስለዚህ ሰው ሲቀርባት ፈገግ ብላ ታሳልፈዋለች። እሁድ እሁድ ማንም ሳይጠራት ትመጣና የማይታጠበውን ልብስ ታጥባለች፤ ማንጠልጠያ ላይ ለተሰቀለው ካፖርት «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል» ስትለው እሰማለሁ። ታሳዝነኝ ነበር። ግን እኔም ከማዘን አልፌ ምንም አላደረግሁም።

ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ነበር። ወላጅ እናቷ እንኳ አይደሉም፤ ገና ጡት ሳትጥል ወስደው ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። እማዬ ነው የምትላቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ የመጨረሻው ልጃቸው አግብቶ ወደ ሚስቱ አገር ሄዷል፤ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። እናም አንድ ቀን፣ መጥቼ ልይሽ፣ ኑሮሽ ከተስማማኝ እዚያው ካንቺ ጋር አረጃለሁ አሏት።

ያን ሰሞን አዳፋን ብታዩዋት! አልጋ ሥራልኝ ብላ መጣች። ካፈረስኩት የሀብታም ሳሎን ደህና ደህናውን ጣውላ መርጬ፣ ቀጥ ያለ፣ የማይንጫጫ አልጋ ሠራሁላት። በጋሪ አስጭና ወሰደችው። ሁለተኛ ትራስ ገዛች፣ ሁለተኛ ስኒ ገዛች። የሚያስፈራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለእማዬ የነገረቻቸው የልብስ ባለሙያ መሆኗን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ለአገሩ ሁሉ አውርተዋል። ባለሙያነቷ የቆላ ሰውን ማቆሸሽ እንደሆነ እንዴት ትንገራቸው? ስለዚህ ወደ ግቢው ድርሽ እንዳይሉ አሰበች። ቅዳሜ ይገባሉ፣ እሷ ከመናኸሪያ ትቀበላቸዋለች፣ በቃ።

እሳቸው ግን ዓርብ ገቡ። የአገራቸው ሰው የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ስለተገኘ አንድ ቀን ቀደሙ። ቤቷ ቢደርሱ ዝግ ነው፤ ጎረቤት እስከ ግቢያችን በር አምጥታ ሸኘቻቸው። ያን ዕለት የቆላ ሰዎች ከተማ ሲገቡ የሚያሳየውን ክፍል ስለምንቀርጽ ብዙ አጃቢ ተዋናይ ተጠርቷል። ዘበኛው አሮጊቷን አየ፣ ጥቅልላቸውን አየ፣ አነጋገራቸውን ሰማ፤ በዚያ በኩል ይሰለፉ እማማ አላቸው። እሳቸውም በከተማ ሁሉ ነገር በሰልፍ ነው ሲባል ሰምተዋልና፣ ልጅን መጠየቅም በሰልፍ መስሏቸው ተሰለፉ።

እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ። ረዳት አዘጋጁ ሰልፉን እያየ ወርዶ እሳቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እኚህን ከየት አገኛችኋቸው? ቁርጥ የቆላ ሴት!» አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ አየና፣ «ግን ልብሳቸው በጣም ንጹሕ ነው። ወደ አዳፋ ውሰዷቸው።»

እውነትም ንጹሕ ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ እንኳ የካውያው መስመር ያልጠፋ። በኋላ አዳፋ እንደነገረችኝ በእነሱ አገር ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ ልብሱን ሳይተኩስ ከቤቱ አይነሳም።

አዳፋ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ባልዲዎቿን ከጎኗ ደርድራ፣ ሰልፉን ታስተናግድ ነበር። የምትጀምረው ከቀሚስ ጫፍ ስለሆነ የምታየው ከጉልበት በታች ያለውን ብቻ ነው። ሐሳቧ ደግሞ ነገ ላይ ነው። የሰማያዊውን ቀሚስ ጫፍ ያዘች፣ ጨርቁን ዘይቱ ውስጥ ነከረች፣ አሸችው። አመዱን ደገመችበት። ቀና ሳትል ዙሩልኝ አለች፤ አሮጊቷ ዞሩላት። እሳቸው ከሩቅ ነበር ያወቋት። ልጃቸው ራሷ ቀና ብላ እንድታያቸው እየጠበቁ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተቀቡላት። ትከሻውን ልትቀባ ብድግ ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ሥራሽን እንዳላስፈታሽ ብዬ ነው» አሏት በቀስታ።

ጨርቁ በእጇ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ረዳት አዘጋጁ ከኋላ፣ ምነው፣ ትተዋወቃላችሁ እንዴ አለ። የሰዉ ፊት ሁሉ ወደዚያ ዞረ። አዳፋ አፏን ከፈተች። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ መልሳ ገጠመችው። እሳቸው ልጃቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ጨርቁን አዩ። እናት የልጇን ፊት ለማንበብ ትምህርት ቤት አትገባም።

«ከየት ታውቀኛለች ልጄ? ዛሬ መግባቴ ነው» አሉት።

ከዚያ ወሰዷቸው። በኮምፔርሳቶ ሠርቼ የብር ቀለም የቀባሁት የሊፍት በር አለ፤ በሩ ሲከፈት ደንግጠው እንዲሸሹ ተነገራቸው። ለምን እንደሚደነግጡ ጠየቁ። ሊፍት አይተው ስለማያውቁ ነው ሲባሉ፣ ባለቤታቸው ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ዘወትር ይወጡበት ይወርዱበት እንደነበር ተናገሩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ግድ የለም ይደንግጡ አሏቸው፤ ደነገጡ። ደግመው አሏቸው፤ ደገሙ። አዘጋጁ ጭኑን እየመታ፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ማን ማንን እንዳቆሸሸ ቢያውቅ ኖሮ ተረቱን እንደዚያ በደስታ ባልተረተው።

ማታ የሆነውን በማግስቱ ከራሷ ሰማሁ። አብረው ቤት ገቡ። ቀሚሱን በሙቅ ውኃ ዘፈዘፈችው። ያ ዘይት እንደማይለቅ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ እጇ እስኪላጥ አሸችው፤ በመጨረሻ እማዬ ከእጇ ወስደው ጨምቀው አሰጡት። አልጋውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው አይተው የሠራውን ሰው መረቁ። ተኙበትም። ሲነጋ ግን ጥቅልላቸውን ሲያስሩ አገኘቻቸው።

እግራቸው ላይ ወደቀች። ሥራውን እተዋለሁ፣ ዛሬውኑ እተዋለሁ አለቻቸው።

«ሥራሽን ምን አደረገኝ?» አሉ አንስተዋት። «ልብስ ነው፤ ባይለቅ ይጣላል። አልተቀየምኩሽም። ግን አስቢው እናቴ፣ እዚህ ብኖር ሰው በመጣ ቁጥር ማን ነኝ ልበል? ለአንድ ቀን የማታውቂኝ ሰው ሆንኩልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ግን አልችልም።»

መናኸሪያ አድርሳቸው በቀጥታ ወደ ግቢው መጣች። ዓይኗ አብጧል። ረዳት አዘጋጁ እየተቆጣ አሮጊቷን ያፈላልግ ነበር፤ ከጀርባቸው የሚቀረጽ አንድ ትዕይንት ቀርቶ ነበር።

«ሄዳለች» አለችው። «እናቴ ናት።»

ሁሉም ባለበት፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው። እኔ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ረዳት አዘጋጁ ግን ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቀለደች መስሎት ነው። አንቺ ደግሞ፣ ምንሽ ነው የቆላ ሰው የሚመስለው አላት፤ እንደ ሙገሳ። ያኔ ትታው የኖረችውን አነጋገር መልሳ አመጣችው። በዚያ በስልኩ ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ እናቴ እሷ ናት፣ እኔም የቆላ ልጅ ነኝ፣ ቀሚሷን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ አለች። ዕንባዋ ይወርዳል። ሰዎቹ አጨበጨቡላት። አነጋገሩን ቁርጥ አድርጋ አስመሰለችው፣ ይቺ ልጅ እኮ ልብስ ክፍል ባክና ነው፣ ተዋናይ መሆን ነበረባት አሉ። ቀራጩ ካሜራውን ላብራና አንዴ ድገሚልን አላት።

እኔ እውነቷን ነው አልኩ። እኔንም ስቀው አለፉኝ፤ አናጢውም ትወና ጀመረ ተባልኩ።

ሳቁ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ረዳት አዘጋጁን ጠየቀችው።

«ታዲያ የየት ሰው ነው የምመስልህ?»

«የኛ ነሻ!» አላት፣ ከልቡ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። ሌሎቹም አዎ፣ የኛ ናት፣ የኛው አዳፋ አሉ።

ከእኛ መሐል ቤቷን የረገጠ አንድም ሰው የለም።