በእሜቴ ቤት ቀማሽ ሆኜ

እናቴ «ሰቆጣ ስትገቢ እሜቴ ቤት ታርፊያለሽ» ስትለኝ አልወደድኩትም። ከደሃና የመጣሁት የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ልወስድ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ብኖር ይሻለኝ ነበር። ግን ቅድመ አያቴ የዚያ ቤት በቅሎ ጫኝ ነበሩ አሉ። ከዚያ ጀምሮ የእኛ ዘር ሰቆጣ ገብቶ ሌላ ቤት ካደረ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

እሜቴ የድሮዎቹ የዋግ ሹሞች ዘር ናቸው። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት። ቤታቸው ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ ግማሽ ጣሪያው በቆርቆሮ ተጠግኗል፤ ላይ ካለው እልፍኝ በቀር ሌላው ክፍል ሁሉ ተቆልፏል። አርባ ዓመት ያገለገሏቸው አሮጊት ለእህታቸው ለቅሶ ፃግብጂ ሄደው ስለነበር፣ ቤት ውስጥ የነበርነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሠርቼ አቀረብኩ። አልነኩትም።

«ቅመሺ» አሉኝ።

«እኔ በልቻለሁ፣ እሜቴ።»

«በልተሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም።»

ከወጡ ቀመስኩ። ጠላውንም መዳፌ ላይ ጠብ አድርገው አስጠጡኝ። ከዚያ መቁጠሪያቸውን አንስተው አንድ ዙር እግዚኦ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቴ አልተነቀለም። ዙሩ ሲያልቅ መብላት ጀመሩ።

አፌ አያርፍም፤ «ምን እንዳይሆኑ ነው?» አልኳቸው።

«አባቴ እዚሁ እልፍኝ፣ አሁን አንቺ ከተቀመጥሽበት ላይ፣ ከዘመድ እጅ አንድ ዋንጫ ተቀብለው ጠጡ። አልተነሱም።»

ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ በልቤ ስቄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ፍርሃቱ ወደ እኔ ተጋባ። ወጡን የሠራሁት እኔ፣ ሽንኩርቱን የከተፍኩት እኔ፤ ቢሆንም ያ መቁጠሪያ ዞሮ እስኪያልቅ ሆዴን አዳምጣለሁ።

በአራተኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዞ መጣ። ሃምሳ የሞላው፣ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እሜቴ ልጅ ስለሌላቸው ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነው። እሱ ሲሄድ እሜቴ አንዱን ክኒን አውጥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። የበፊቱ ነጭ ነበር፤ ይሄ ቀላ ይላል።

«ዋጪ» አሉኝ።

«ይሄማ ምግብ አይደለም። እኔ ደግሞ የደም ግፊቴ ዝቅተኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሁለቴ ወድቄያለሁ። አልውጥም።»

«እንግዲያው እኔም አልውጥም።»

ሁለት ቀን አልዋጡም። ክኒኑን መድኃኒት ቤት ወስጄ አሳየሁት። ሻጩ፣ መድኃኒቱ ያው ነው፣ ፋብሪካው ነው የተለየው አለኝ። «አንቺ እንዳትነኪው። እሳቸው ግን ዛሬውኑ ካልጀመሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።» ሮጬ መጥቼ ነገርኳቸው።

«ሻጩ የማን ዘመድ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነስር ይዟቸው የነጠላቸው ጫፍ በደም ርሶ አገኘሁት። ሳይውጡ ቢሞቱ ምግባቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። ውጠው ቢሞቱ የሰጠኋቸው እኔ። የበቅሎ ጫኙ ዘር ገደለቻቸው ሊባል ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንድማቸው ልጅ ገና እልፍኙን ሲረግጥ «ጋሼ፣ ክኒኑን እርስዎ ይቅመሱላቸው» አልኩት።

ባለበት ቆመ። የሠራሁት የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ቤት የሚቀምሰው አሽከር ወይም እንግዳ ነው፤ ዘመድን ቅመስ ማለት ጠርጥሬሃለሁ ማለት ነው። ስንት ዓመት ሳይነገር የኖረውን እኔ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

«እሜቴ፣ እርስዎ ነዎት ያሏት?»

እሜቴ መቁጠሪያቸውን አነሱ።

«እኔም የምውጠው ይሄንኑ ነው» አለ። «የአባቴ በሽታ፣ የወንድምዎ በሽታ ነው። የዛሬውን ገና አልዋጥኩም።» ከማሸጊያው አንድ አውጥቶ ያለ ውሃ ዋጠ።

አንድ ዙር አለቀ። ሁለተኛውን ጀመሩ። ከከንፈሩ በላይ ላብ ችፍ አለ። ንዴት ይሆናል፤ እኔ ግን መድኃኒቱ እየገደለው መስሎኝ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ብድግ አለ።

«ይበቃዎታል?» ብሏቸው ደረጃውን ወረደ።

እሜቴ የእሱ እርምጃ እስኪጠፋ ጠብቀው ክኒናቸውን ዋጡ።

«ነገ ይመጣል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሥርም አለፈ። እሜቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቁጭ ብለዋል፤ እኔም ሥልጠናዬን ቀርቼ አብሬያቸው የግቢውን በር አዳምጣለሁ። አሥራ አንድ ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። ወርጄ ከፈትኩ። እሱ ነው። አንድ ጠርሙስ ወተት ሰጠኝ፤ «እሜቴ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጠይቆ ወደ ላይ ሳይወጣ ተመለሰ።

«የእሱ ድምፅ ነው?» አሉኝ እሜቴ።

«አዎ።»

«ለምን አልወጣም?»

«ዛሬም ቅመስ እንዳይሉት ነዋ።»

እሜቴ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ክኒኑን አስቀመጥኩላቸው። ዋጡት። ወተቱንም ከጠርሙሱ ቀድቼ ስሰጣቸው ቅመሺ ሳይሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«ነገ ሲመጣ ደረጃው ሥር ጠብቂው» አሉኝ። «እንዳትለቂው። ኮቱን ይዘሽም ቢሆን አምጪልኝ።»