በአንድ ድንጋይ የቆመች ጭራ

ወንድሜ ከሰሜን ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ብረታ ብረት ይበዛ ነበር። ከተበላሸ ቴፕ የወጡ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋዮች፣ የብስክሌት ኩሽኔታ። የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር መካኒክ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን አቁሜ፣ ፒያሳ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተቀምጬ የቀሚስ ጥልፍ እጠልፍ ነበር። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው ግቢ ነው።

በመጣ ማግስት እናቴ ጠርታኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሞቷል። ከወንድሜ ጋር አብሮ ያደገ፣ አብሮ የዘመተ፣ በሄሊኮፕተር እየበረረ ቁስለኛ የሚጭን ልጅ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ከተራራ ላይ ሲነሳ ተሽከርክሮ ወደቀ። እናቱ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የሚያጥቡት ሴትዮ፣ አልሰሙም። ወንድሜ ለእድሩ ዳኛ ተናግሯል፤ ዳኛው ግን ከመንግሥት በኩል ሳይመጣ የወታደር መርዶ ማርዳት ያስጠይቃል፣ ጥቂት እንታገሥ ብለዋል። ደግሞም መርዶ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ነገር አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚደግፉ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ነው።

“አንቺስ ዝምተኛ ነሽ፤ ፊትሽን ብቻ ጠብቂ” አለችኝ እናቴ።

እኔን አልከበደኝም። ድሮም እንግዳ ሲገባ ከመጋረጃው ኋላ ነበር የምገባው። የከበደው ወንድሜን ነው። ሴትዮዋ ከሥራ ሲመለሱ ድምፃቸውን ከሰማ ወደ ብረቱ ያቀረቅራል።

በረንዳው ላይ አንድ ዱካ አስቀምጦ፣ በነፃነት የሚሽከረከረውን ኩሽኔታ መሃሉ ላይ አሰረ። በእሱ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የሠራትን ሄሊኮፕተር አቆመ። አናቷ ላይ ትልቅ ክንፍ፣ ጭራዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ክንፍ አላት። ትልቁ ክንፍ ወደ አንድ በኩል ሲዞር አካሏ ወደ ሌላው መዞር ይፈልጋል ብሎ አስረዳኝ። ትንሹ ክንፍ ጭራውን ወደ ጎን እየገፋ ያንን ይከለክላል፤ ለዚህ ግን ከሞተሩ ጉልበት ይበላል። ተራራ ላይ አየሩ ሲሳሳ፣ ጭነትም ሲበዛ፣ ሞተሩ ለሁሉም አይበቃም። ያን ጊዜ ጭራው ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ትቶ ሁለቱን ሞተሮች ከክንፎቹ ጋር ማሰር ጀመረ።

ለጭራዋ ሞተር ሁለት ድንጋይ ሲሰጣት ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንዱን ሲያወጣባት ቀስ ብላ መዞር ትጀምርና ትሾራለች። የእሱ ሐሳብ በአንድ ድንጋይ ማቆም ነበር። ከትልቁ ክንፍ የሚወርደው ንፋስ በጭራው ግራና ቀኝ እኩል ያልፋል። በአንዱ ጎን በርዝመቱ ጠባብ ቆርቆሮ ቢለጠፍ ንፋሱ በዚያ በኩል ይሰናከላል፣ በሌላው በኩል ጭራውን ታክኮ ይወርዳል፣ ጭራውንም ወደዚያ ይስበዋል። ትንሹ ክንፍ አጋዥ አገኘ ማለት ነው። ቆርቆሮው የት ላይ ቢሆን እንደሚሻል ግን አላወቀም። ንፋሱን ለማየት ከጥልፌ ክር ቀዩን መርጬ፣ አጫጭር አድርጌ ሻሽ ላይ ሰፍቼ ጭራዋን አለበስኩለት። ክንፉ ሲዞር ክሮቹ እንደ ሣር ይተኛሉ፤ ንፋሱ የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ይርገበገባሉ።

የግቢያችን ፀጉር አስተካካይ ባለፈ ቁጥር ሳይተርብ አይሄድም። “ጎበዝ፣ ስትጨርሳት ሰባ ደረጃን ብቻ አሻግረኝ፤ ጉልበቴን የበላው እሱ ነው” ይለዋል። ወንድሜ ፈገግ ለማለት ይሞክር ነበር።

ሴትዮዋም ከሥራ ሲመለሱ እኛ ደጃፍ ተቀምጠው ማየት ለመዱ። እጃቸው በሳሙና ተጨማዷል። የልጃቸው እረፍት መቼ እንደሚደርስ ወንድሜን ይጠይቁታል፤ በተራ ነው ይላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ቆርቆሮውን ዝቅ አድርጎ ለጥፎ በአንድ ድንጋይ ሞከራት። ለትንሽ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ዞረች፣ ፈጠነች፣ ከዱካው ላይ ተወርውራ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰች። ጭራዋ ተቆልምሞና ተገንጥሎ፣ ደጃፉ ላይ ከተቀመጡት ሴትዮ እግር ሥር ወደቀ።

ሴትዮዋ አነሱት። ቀዮቹን ክሮች በጣታቸው ዳሰሱና፣ “ጭራው እንዲህ ሲያቅተው ውስጡ ያሉት ምን ይሆናሉ?” አሉ።

ወንድሜ አጎንብሶ የተበተነውን ሽቦ መልቀም ጀመረ። እኔም ፊቴን መጠበቅ አቃተኝ።

“ከመጣህ ጀምሮ ዓይኔን አላየኸኝም” አሉት። አፉን ሊከፍት ሲል እጃቸውን አነሱ። “ተው ልጄ። አንተ ብቻህን አትንገረኝ። ይህን ብቻህን አትሸከምም። ነገ በማለዳ ከሰዎቹ ጋር ና።”

ጭራውን እጁ ላይ አስቀመጡለትና ወደ ቤታቸው ገቡ። ወዲያው የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ነገ ለሚመጣ ለቀስተኛ ቤታቸውን እየጠረጉ ነበር።

አባቴ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄዶ የሆነውን ነገራቸው፤ ዳኛውም ከዚህ በኋላ መጠበቅ ነውር ነው አሉ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገና በሩን ሳያንኳኩ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከፈቱ። የሚደግፏቸው ሴቶች ከግራና ከቀኝ ገቡ። የሴትዮዋ ጩኸት የመጣው ዳኛው የልጁን ስም ሲጠሩ ነው። አስቀድሞ ማወቅ ምንም አላገዛቸውም።

ለቅሶው ሲያልቅ ወንድሜ ጭራዋን አቃንቶ መልሶ ገጠመና ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ ለጠፈው። ቀዮቹ ክሮች በአንድ ጎን ተርገበገቡ፣ በሌላው ጎን ጸጥ ብለው ተኙ። ጭራዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ግን አልዞረችም። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

“በአንድ ድንጋይ?”

“በአንድ ድንጋይ፣ እትዬ።”

ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። “ለሚሳፈሩት አድርስላቸው” አሉ።

ወደ ሰሜን ይዟት ሄደ። አለቆቹ በደንብ አዳመጡት፤ ነገር ግን ከውጭ የመጣን ሄሊኮፕተር ሠሪው ሳይፈቅድ አንነካም አሉት። በሚቀጥለው እረፍቱ በዚያው ሻሽ ጠቅልሎ መለሳት። ሴትዮዋ እንዲሰጣቸው ለመኑትና ከነኩሽኔታዋ ሰጣቸው። ዛሬ ከልጃቸው ፎቶ አጠገብ ተቀምጣለች። በሩ ተከፍቶ ንፋስ ሲገባ ትዞራለች፤ እሳቸውም ሥራቸውን ትተው ይነሱና ጭራዋን በጣታቸው ይዘው ያቆሟታል።