የእማዬን ማተብ የበጠሰው አፕዴት

«ማተቤን ለምን በጠስሽብኝ?» አለችኝ እማዬ ዛሬ ከሰዓት በስልክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኬ ላይ ያለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ጠዋት አዲስ አፕዴት መጣለት። አሮጌ ፎቶ ያድሳል ተባለ።

እኔም እዚህ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ጣቢያ ባቡር እየጠበቅኩ ሞከርኩት። እማዬ ጄኔቭ ዲፕሎማት ቤት ልትሠራ ከመምጣቷ በፊት፣ አዲስ አበባ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሰጠሁት።

ፎቶው ቦርሳዋ ውስጥ ታጥፎ ስለኖረ መሀሉ ተሰንጥቋል። ባቡሩ ሳይመጣ ስንጥቁ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ ላለችው እማዬ ላክሁላት።

ለካ አፑ አንገቷ ላይ ያለውን ቀጭን ጥቁር ክርም ጭረት መስሎት ጠርጎታል። (እንደ ዙሪክ ሰው ጽዳት ያበዛል።)

«የሠራሁበት ቤት እመቤት አውልቂው ስትለኝ እንኳ ያልበጠስኩትን» አለች። ሳቀች፤ ግን ከልቧ አልነበረም።

ከዚያ የፎቶ ቤቱን ሰውዬ ወሬ አነሳችልኝ። ማተቧ ቀሚሷ ውስጥ ገብቶ ሲያየው «አውጪው እንጂ የኔ ልጅ፣ የምትሄጂበት አገር ማን እንደሆንሽ ይወቁ» ብሏት ነበር። አውጥታው፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ተነሳች።

እኔ ይህን ፎቶ ሳየው ነው ያደግኩት። ማተቡ ከውጭ የሆነው ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አሮጌውን ከነስንጥቁ መልሼ ላክሁላት።

«እ... ይቺ ነኝ» አለች።

የእናንተስ አፕ ምኑን ጭረት መስሎት አጠፋባችሁ?