ነሐስ የማይገባበት ሣጥን

ሠፈሩ «አባ መፍቻ» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲገጥምና ሲጠግን ኖሯል። የገዛ ቤቱ የወጥ ቤት ማጠቢያ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ያንጠባጥብ ነበር። ሚስቱ ቆርቆሮ አስቀመጠችበት። ቆርቆሮው በሞላ ቁጥር እሷ ትደፋለች፤ እሱ «ነገ እሠራዋለሁ» ይላል።

«ያንተ ነገ እኮ ጢም አወጣ» ትለው ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ጊዜ ለጌጥ ዓሣ መሸጫ ሱቅ መጋረጃ ስትሰፋ፣ ባለሱቋ ጥፍር የምታክል ኮራል መረቀችላት። ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ ቀን ጣቶቿን ዘርግታ ሲመሽ የምትሰበስብ የባሕር ፍጥረት ናት። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ በትንሽ የመስታወት ሣጥን፣ ጨው ውኃ ውስጥ አኖረቻት። «እመቤቲቱ» ብላ ስም አወጣችላት። እመቤቲቱ በስድስት ዓመት ጡጫ አክላ ቤቷ ጠበባት። ሚስቱም በልብስ መቅረጫ ወረቀት ላይ ትልቅ ሣጥን ነደፈች፤ ከነልኩ፣ ከነድንጋዩ። «ቧንቧው የአንተ ነው» አለችው።

«ነገ» አላት።

ሚስቱ ከሞተች በአራተኛው ወር የትንሹ ሣጥን ማዕዘን ማፍሰስ ጀመረ። ያየችው ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ምንጣፉ እርጥብ ነው።»

ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ። «ማጣበቂያው ሲሊኮን አርጅቷል። ወር ተኩል ቢቆይ ነው» አለ። ስለ ደንበኛ ቤት የሚናገር ነበር የሚመስለው። ከዚያ ሚስቱ የነደፈችበትን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እመቤቲቱ ከምትሞት ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጥ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

ሥራውን በማግስቱ ጀመረ። ጎረቤቶች «ጠንካራ ነው» አሉ። ጥንካሬ አልነበረም። እጁ ይሠራል፣ እሱ ቆሞ ያየዋል፤ ይኸው ነበር። አዲሱ ሥራ ሁለት ሣጥን ነው፤ የላይኛው ሣጥን ውኃ በማዕዘኑ ሞልቶ በቱቦ ይወርዳል፣ ከታች ባለው ሣጥን ይጣራል፣ ፓምፕ ደግሞ ወደ ላይ ይመልሰዋል።

«ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ማለት ይኸው ነው» አላት ልጁን።

ድንጋዮቹን ሲደረድር እንደ ግንበኛ ውኃ ልክ እያስቀመጠ ነበር። ረድፍ በረድፍ፣ ቀጥ ያለ። ልጁ ከሥራ ስትመለስ አይታ ሳቀች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

«አባዬ፣ ይህ የዓሣ ቤት ነው የእስር ቤት አጥር?»

«ግንብ እንዲህ ነው።»

«ባሕር ውስጥ ማን ውኃ ልክ ይዞ ገባ?»

አፈረሰው። እንደገና ዋሻና ቀዳዳ እየተወ አጣበቀው።

ስለ አንድ ነገር ግን ማንንም አላማከረም። ሙያ ያስተማረው ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ የሰጠው የውኃ መዝጊያ የነሐስ ቫልቭ ነበረው። ለእሱ የሚመጥን ቤት አጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሃያ ዓመት አስቀምጦታል። ሚስቱ «ለሁለተኛ ሠርግህ ነው?» እያለች ትቀልድበት ነበር። አሁን አወጣው፤ አብረቀረቀ። ልጁ «የፕላስቲኩ አይበቃም?» ስትለው «ለእናትሽ ፕላስቲክ አልገጥምም» አላት። ውኃ እንዳያሾልክ ነጩን የቴፍሎን ጥቅል በወጉ ጠምጥሞ ወደ ላይ በሚመልሰው ቱቦ ላይ ገጠመው።

ውኃው ጨው ተደርጎበት ሁለት ሳምንት ተኩል ዞረ። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት አነጠፈ፤ አንዱም አልረጠበም። ልጁ «በቃ እናስገባት» አለችው። «ነገ። መጀመሪያ ውኃውን ላስመርምር» አላት።

በማግስቱ ውኃውን በጠርሙስ ይዞ ወደ ባለሱቋ ሄደ። ሴትዮዋ በትናንሽ ብልቃጦች ቀድታ ጠብታ ጨመረችበት። ጨዉ ደኅና፣ ሌላውም ደኅና። የመጨረሻው ብልቃጥ ግን ሰማያዊ ሆነ። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው።

«ጋሼ፣ ነሐስ አስገብተዋል?»

«አንድ ቫልቭ።»

«ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ፤ ጨው ያወጣዋል። ዓሣ ይችለው ይሆናል። ኮራል ግን ሁለት ቀን አትቆይም፤ ትሟሟለች።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነሐስ ገጥሜያለሁ እኮ።»

«ለሰው ነዋ! ሰው ምን የማይችለው አለ?» ሳቅ ብላ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ» ካለች በኋላ፣ የማን ባል እንደሆነ ትዝ ሲላት ከንፈሯን ነከሰች።

«ልክ ነሽ» አላት። «ድንጋዮቹስ?»

«ጠጥተውታል። ይጣሉ። እስኪስተካከል እሷን እኔ ጋ ያምጧት።»

«ከቤት አትወጣም።»

ቤት ሲገባ ለልጁ ነገራት። እሷም ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ትናንት እሺ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ ገድለናት ነበር። ነገህ አንድ ቀን ጠቀመን» አለች። እሱ መፍቻውን አንሥቶ ወደ ሣጥኑ ሄደ። የነሐሱን ቫልቭ ፈታ። ከውስጥ አፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ያንን ሁሉ ውኃ በባልዲ እየቀዳ ደፋ፤ ድንጋዮቹን በማዳበሪያ አውጥቶ ጣለ። ሣጥኑን ደጋግሞ አጠበ፣ ቱቦውንና ፓምፑን ለወጠ። አዳዲስ ድንጋዮች አመጣ፤ ውኃ ልኩ ከመሣሪያ ቦርሳው አልወጣም። ነሐሱ በነበረበት ቦታ ልጅ የሚጫወትበት የሚመስል ቀይ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ቫልቭ ገባ።

ትንሹ ሣጥን ያን ጊዜ በቀን አንድ ባልዲ ያፈስስ ነበር። ጠዋት እሱ፣ ከሰዓት በኋላ ልጁ ይሞሉታል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አዲሱ ውኃ ብልቃጥ ውስጥ ሰማያዊ አልሆነም። በዚያው ዕለት እመቤቲቱን ከነድንጋይዋ በሁለት እጁ አንሥቶ አሻገራት።

ተሰበሰበች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን እንደ ተጨበጠ እጅ ሆና ቀረች። ልጁ በየሰዓቱ ታያለች፤ እሱ ወደዚያ ክፍል መግባት ተወ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። የነሐሱን ቫልቭ እዚያ እየገጠመው ነው፤ የቧንቧ ውኃ ጨው የለውም።

«አባዬ! ና ቶሎ! ጣቶቿን አወጣች!»

የጀመረውን አጥብቆ ጨረሰ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሄደና ቆመ። ሰባት ጣት ወጥቷል፤ በሚወርደው ውኃ ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ስምንተኛው ጫፉ ብቻ ይታያል። ልጁ ታለቅሳለች።

«ምን ተሰማህ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን መጋጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ።

«እንጃ» አላት። «አያፈስም።»

ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። ከማጠቢያው ሥር ቆርቆሮውን አወጣ፤ እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ደፋው። ከዚያ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ፣ ይዞት ቆመ።