ከአማልክት ቀጥሎ ያለው ግድግዳ

በማህዋቶላ ሰፈር ለምትኖሩ፣ በማህዋቶላ ለምታልፉና በማህዋቶላ ቀበቷችሁን ለምትፈቱ ወንዶች ሁሉ ይታወቅ፦ ጠራጊዋ ፉልመቲ፣ የመጥረጊያና የጋሪ ባለሥልጣን፣ የኋላው ቅያስ አስተዳዳሪ፣ የአንድ ሙሉ ግድግዳ ባለርስት ናት። አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁ። በእርግጥ ቤቷ አራት ግድግዳ አለው፤ ነገር ግን የግራው የእህል መጋዘኑ፣ የቀኙ የትምህርት ቤቱ፣ የኋላው ደግሞ የባቡር ሐዲዱ ግንብ ነው። ሟቹ ባሏ በመካከላቸው ሾልኮ ገባና ከላይ ቆርቆሮ ጣለ፤ ከፊት ለፊት፣ ለበር የምትሆን ክፍተት ትቶ፣ በስብርባሪ ጡብና በጭቃ የራሱን አቆመ። ርስት የተባለው ይኸው ነው።

ከግድግዳው ጀርባ፣ ልክ ተጣብቆ፣ የገመድ አልጋ አለ። አልጋው ላይ የባሏ እናት ሱክያ ተኝተዋል። ሱክያ ማለት ደስተኛዋ ማለት ነው፤ ስም ያወጡላቸው ሰዎች ቀልደኞች ነበሩ። የሰፈሩ ሽንት ቤቶች ውሃ ሳይገባላቸው በፊት፣ በየማለዳው የየቤቱን የጓሮ በር እያንኳኩ፣ ቤተሰቡ ያወጣውን ሁሉ በቅርጫት ዝቀው፣ በራሳቸው ተሸክመው ከከተማው ዳር የሚደፉት እሳቸው ነበሩ። በክረምት ቅርጫቱ ያፈሳል፤ ወደ ፀጉር፣ ከፀጉር ወደ አንገት። መንገደኛው አፍንጫውን የሚይዘው ታዲያ በጉዱ ባለቤቶች ላይ ሳይሆን በተሸካሚዋ ላይ ነበር። አሁን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሲተኙ ሐኪም አምጪልኝ አላሉም፣ ጣፋጭ አማረኝ አላሉም። የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ ሽታ በሌለበት መሞት። ፉልመቲም ቃል ገባችላቸው። አልጋውን ከዚያ ግድግዳ ያስጠጋችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነፋስ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ያለችው እዚያ ብቻ ነበር።

ከቅያሱ ታች የሚጀምረው፣ ትሪሎኪ ናት የሚባል ሰው ረጅም አጥር ከፉልመቲ ቤት አጠገብ ያልቃል። ሰውየው ጡረተኛ የቀረጥ ሹም፣ የሰፈሩ የንጽሕና ኮሚቴ ሊቀ መንበርና የሰፈሩ ንጹሕ ሰው ነው። አጥሩ ግን ከጥንት ጀምሮ የማህዋቶላ ወንዶች ፊኛቸውን የሚያሳርፉበት ነበር። «እዚህ የሚሸና አህያ ነው» ብሎ በቀይ ቀለም አስጻፈበት፤ ማንበብ የሚችሉት አንብበው፣ የማይችሉት ሳያነቡ ሸኑበት። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ጥግ ላይ የሕዝብ ሽንት ቤት አሠርቶ ነበር። ኮሚቴው ንጽሕናው እንዳይጓደል ብሎ ቆለፈው፤ ቁልፉም በሊቀ መንበሩ መሳቢያ ውስጥ በክብር ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ይጎበኛል፣ ይዘጋል።

በመጨረሻ ትሪሎኪ ናት አማልክትን ጠራ። የአማልክት ሥዕል የታተመባቸውን ሴራሚኮች ገዝቶ፣ በአጥሩ ርዝመት ሁሉ በጉልበት ቁመት አስለጠፋቸው፦ ዝሆን ራሱ ጋኔሽ፣ ዝንጀሮ ፊቱ ሀኑማን፣ የሀብት እመቤት ላክሽሚ ከነአበባዋ። ተአምር ሆነ። ወንዱ ይመጣል፣ ዚፑን ይከፍታል፣ ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ከአምላክ ጋር ይፋጠጣል። ግንባሩን ነካ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቅና ዚፑን ይዘጋል። ፊኛው ግን ሃይማኖት የለውም። አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ ይሄዳል፤ አማልክቱ ካለቁበት ቀጥሎ ያለው ግድግዳ የፉልመቲ ነው።

ጋዜጠኛ መጥቶ የአጥሩን ፎቶ አነሳ፤ ሊቀ መንበሩም ፈገግ ብሎ ቆመ። የፉልመቲን ግድግዳ ማንም አላነሳውም፤ የቅያሱ ወንድ በሙሉ እዚያው የዋለ ያህል ረጥቦ ነበር። ኖራ ነሰነሰችበት፣ አመድ ደፋችበት። ጭቃው ግን ውስጥ ለውስጥ ጠጣ። በአልጋው በኩል ነጭ ጨው አወጣ፣ ገመዱ ረጠበ። በቀዳዳዋ የምትገባው ነፋስ ለሱክያ የድሮ ሥራቸውን ይዛላቸው መጣች።

አሮጊቷ አልተቆጡም። «አባቱን ተሸክሜአለሁ፣ እሱንም ከነሽንት ጨርቁ ተሸክሜአለሁ» አሉ ስለ ትሪሎኪ ናት። «እኔ መሄድ ሲያቅተኝ እስከ አልጋዬ ድረስ ላኩልኝ። ደንበኝነት ማለት ይሄ ነው።»

ፉልመቲ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት ሄዳ ከደረጃው ሥር ቆመች። ሻዩን እየጠጣ ሳለ ከተረፉት ሴራሚኮች ለሷም ግድግዳ አንድ እንዲሰጣት ለመነችው። እሱም ብርጭቆውን አስቀመጠና በአባትነት ድምፅ መከራት።

«ፉልመቲ፣ እግዜር እኮ በሁሉም ቦታ አለ። ሴራሚክ ምን ያደርግልሻል?»

«ታዲያ ባቡጂ፣ የእርስዎ አጥር ላይ ምነው በሲሚንቶ መጣ?»

ባቡጂ ማለት ጌታዬ ማለት ነው፤ ጌታው ግን ይህን የመሰለ ጥያቄ ከደረጃ ሥር መምጣቱ አላስደሰተውም። የጠራጊ ዘር ግድግዳ ላይ፣ ያውም ከጀርባው ሽንት ቤት ስትዝቅ የኖረች ሴት የተኛችበት ግድግዳ ላይ፣ አምላክ መለጠፍ ምን ያህል ነውር እንደሆነ በረጅሙ አስረዳት። ከዚያ ስትሄድ ደረጃውን ጠርጋ እንድትሄድ አዘዛት። ጠርጋ ሄደች።

በማህዋቶላ አምላኩን ቆሻሻ ላይ የሚጥል ሰው የለም። ሐውልቱ ሲሸረፍ፣ የሥዕሉ መስታወት ሲሰነጠቅ፣ ወስዶ ከሰፈሩ ዋርካ ሥር ያስቀምጠዋል፤ እጁን አጋጥሞ ይሰናበተውና ኃጢአት ሳይነካው ቤቱ ይገባል። ዋርካውን በየሳምንቱ የምታጸዳው ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ወደ ቤተ መቅደሱ በር እንዳትጠጋ የሚከለክሏት ሰዎች አማልክታቸውን ለእጇ ትተውላት ይሄዳሉ፤ እሷም በጋሪዋ ጭና ከሙዝ ልጣጩ ጋር ትደፋቸዋለች።

በዚያ ሳምንት ግን አንዲት ላክሽሚ ከጋሪው አወረደች። ጥጓ የተሸረፈ ሴራሚክ ናት፤ የአበባዋ ቅጠል ጎድሏል እንጂ ፊቷ ደህና ነው። አጠበቻት፣ ሲሚንቶ ለምና በግድግዳዋ ላይ በጉልበት ቁመት ለጠፈቻት። ወንዶቹ መጡ፣ ከፈቱ፣ አዩ፣ ዘጉ፤ እያጉረመረሙ ወደ መብራቱ ምሰሶ ሄዱ። ጭቃው መድረቅ ጀመረ።

«ዛሬ ሰፈሩን ምን ነካው?» አሉ ሱክያ፣ አፍንጫቸውን ወደ ቀዳዳዋ አቅንተው።

«ላክሽሚ ደጃችን ቆማለች፣ አማ» አለች ፉልመቲ፤ እናቴ ማለቷ ነው።

«ግቢ በያት እንጂ። እንግዳ ውጭ ይቆማል?»

«ከገባች ማን ይጠብቀናል?»

አሮጊቷ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ ሳቁ።

ወሬው ኮሚቴው ዘንድ ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። ትሪሎኪ ናት የናስ ትሪ የያዘ የቤተ መቅደሱን ካህንና መሮ የያዘ ግንበኛ አስከትሎ መጣ። ግድግዳው ሲሸናበት ያልከፋው ሃይማኖት አሁን ክፉኛ ቆስሏል። ፉልመቲ ስለ ላክሽሚ አልተከራከረችም፤ የለመነችው ስለ ጭቃው ነበር።

«ባቡጂ፣ እዚያ ጋ አያስመቱ። ሥሩ ገና እርጥብ ነው። እኔው በውሃ አርሼ ላላቃት።»

«እጅሽ ዳግመኛ አይነካትም» አላት።

ግንበኛው መታ። ላክሽሚ ወጣች፤ ከላክሽሚ ጋር ጡቦች ወጡ፣ ከጡቦቹ በላይ ስንጥቅ ወደ ቆርቆሮው ተሳበ። ሰዎቹ ላክሽሚን በናስ ትሪ አስቀምጠው በተቀደሰው የጋንጅስ ወንዝ ውሃ አጠቧት፤ እየዘመሩም ወሰዷት። ቤተ መቅደስ ግን የተሸረፈ አምላክ አይገባም። ስለዚህ ያው ዋርካ ሥር አስቀመጧት። ሳምንቱ ሲደርስ ፉልመቲ በጋሪዋ ጭና ደፋቻት። በእጇ።

ክረምቱ በገባ በሰሞኑ፣ ፉልመቲ ሥራ ላይ ሳለች፣ ግድግዳው ወደ ቅያሱ ተዘረረ። ስትመለስ ቤቷ እንደ ሱቅ ተከፍቶ፣ ሱክያ ከነአልጋቸው ለመንገደኛው ሁሉ ተሰጥተው አገኘቻቸው። ኮሚቴውም ፈጥኖ ደረሰ፤ ፍርስራሹ የቅያሱን ንጽሕና ስለሚያጎድፍ ጠራጊዋ በአስቸኳይ እንድታነሳው አዘዘ። የባሏን ግድግዳ በጋሪዋ አመላልሳ ደፋች። በጡቡ ፋንታ እንደ ሻሽ የሳሳ አሮጌ ሳሪ፣ የምትጠመጥመውን ልብስ፣ ሰቀለች፤ ነፋስ ገለጠው።

ወንዶቹ ግን ልማዳቸውን አልተዉም ነበር። አንዱ መጣ፣ ዚፑን ከፈተ፣ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። በጉልበት ቁመት፣ ከገመድ አልጋው ላይ፣ ሁለት ዓይኖች ያዩታል። ዘጋ። ሁለተኛውም መጣ፣ ዘጋ። ሱክያ ያያሉ ብቻ።

«ይኸው እኔም ሴራሚክ ሆንኩ» አሏት ምራታቸውን። «አይሸትም፣ አይደል?»

«አይሸትም፣ አማ።»

እውነቷን ነበር። የሚሸተው ዝናብ ብቻ ነበር። ዝናቡ ግን በተከፈተው በኩል እየገባ ደረታቸውን ያዘው፤ ሳሉ እየከበደ ሄደ። ዓይናቸውን ወደ ቅያሱ እንዳቀኑ ሞቱ፣ የለመኑትንም አገኙ። እንዴት እንዳገኙት ለሚጠይቅ፣ ሊቀ መንበሩ ቢያንስ ቅያሱ ንጹሕ እንደነበር ይመሰክራል።

አሁን ፉልመቲ በግድግዳው ቦታ ሰማያዊ ሸራ ወጥራለች። ሸራ ዓይን የለውም፤ ወንዶቹ ተመልሰዋል። ከውስጥ ተኝታ ሸራው ላይ ሲንጠባጠብ ትሰማለች፤ አንዳንዴም ዝናብ ነው ብላ ራሷን ታታልላለች።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ እንደነዚያ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ አንባቢ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እንዲያው ድንገት በማህዋቶላ የኋላ ቅያስ ስታልፍ ቢቸኩልህ፣ አማልክቱንም አክብረህ እስከ አጥሩ ጫፍ ብትሄድ፣ ሰማያዊውን ሸራ ስታይ፣ እጅህ ቀበቶህ ላይ ሳለ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ መጀመሪያ ሸራውን ገለጥ አድርገህ፣ ውስጥ ያለችውን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየህ፣ ከቻልክ፣ ሽና።