የአዋሽ ዳሩ ወደብና ሳይታተም የኖረው ፎቶ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ አሰላ

ጭላሎ ጉም እንደተከናነበ ነው። ሾፌሩ ሁሴን ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል።

"መምህር፣ ደጋው ሌሊቱን ሲዘንብበት አድሯል። አዋሽ መሙላቱ አይቀርም" አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

ዋና አልችልም። የወንዙን ድልድይ ጎርፍ ስለጎዳው መሻገሪያው ጀልባ ብቻ ነው።

የምሄደው ፎቶ ፍለጋ ነው። ከአርቦዬ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ፣ ሰው "ወደብ" የሚላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት እህሉም ሰዉም በበርሜል ታንኳ የሚሻገርባት። የከተማዋ ፎቶ አንሺ ከሞተ ቆይቷል፤ ሚስቱ እማማ ብዙነሽ ግን ፎቶዎቹን አስቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት በስልክ "ያልታተመ ፊልም አለኝ። የሰው መልክ ይለይበታል?" ብለው ጠየቁኝ። "አሰላ ማሽን አለ፣ ይለያል" አልኳቸው። ወዲያው ስልኩን ዘጉት። ምን ነክቼ ይሆን እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅሁ።

12፡30፣ ኢተያ

ስንዴው እስከ አድማስ ድረስ አረንጓዴ ነው። በሃያ ብር ሳንቡሳ ገዛሁ፤ ግማሹን ለሁሴን ሰጠሁት።

ከሲሬ በኋላ መንገዱ ይወርዳል። ጃኬት አወለቅን። ግራር፣ አቧራ፣ ድንጋይ። አርቦዬ ስንደርስ ነዳጅ የሚቀዳልን ሰውዬ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀና "ዛሬ ባትሻገሩ ይሻላል" ብሎ ፊቱን አዞረ።

5፡00፣ አዋሽ ዳር

ውኃው ቡናማ ነው፣ ይጮኻል። አንድ ግንድ ከነሥሩ እየተገላበጠ አለፈ። ጀልበኛው ቱሉ ፊቴን አይቶ ሳቀ።

"ሂን ሶዳቲና! አትፍሩ። አዞ ጎርፍ አይወድም።"

አዞ መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁሴን መኪናው ጋ ቀረ። እኔ ጣውላውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ።

5፡30፣ ማዶ

ወደቧ አሁን ሦስት የቆርቆሮ ቤትና የፈረሰ መጋዘን ናት። እማማ ብዙነሽ ቀጭን፣ ረጅም አሮጊት ናቸው። የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው ፎቶዎቹን አልጋው ላይ ደረደሩልኝ።

በማዳበሪያ ከረጢት ሥር የጎበጡ ተሸካሚዎች። ተራ የሚጠብቁ አህዮች፣ በጭራቸው ሰባት ቆጠርኩ። ጃንጥላ የያዘ ቀረጥ ሰብሳቢ። የጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ አዲስ ሱሪ ለብሶ የቆመ ጎረምሳ። ከዚያ ድልድዩ፤ የመጀመሪያው የጭነት መኪና በላዩ ሲያልፍ ሕፃናት ይሮጣሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ፎቶዎች ሰው የላቸውም። መኪናው ወደቧን እያለፋት መሄድ ጀመረ።

በመጨረሻ እማማ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ያንን ያልታተመ ፊልም፣ ኔጌቲቩን፣ አወጡ። በብርሃን ስናየው ታንኳ ላይ የታጨቁ ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው ነጭ።

"የሰጠመው ታንኳ ነው" አሉኝ። "ታንኳው ሊነሣ ሲል ባሌ ፎቶ አነሣው። ማታ አስከሬን ሲወጣ አይቶ፣ 'ይህን አላትምም' አለ። ታናሽ እህቴ አስናቀች በዚያ ቀን ጠፋች። አስከሬኗ አልተገኘም። ሰዉ 'ኮብልላ ነው' አለ፤ እናቴም አመነች። ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ስትረግማት ሞተች።"

"ታንኳው ላይ ካለች ግን..."

"ካለች ሞታለች። ከሌለች ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን በሕይወት እያለች ረስታናለች። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም፣ ልጄ።"

ፊልሙን ይዤ ልሂድ አልኳቸው። እምቢ አሉ። "እኔም እመጣለሁ።"

"ወንዙ ሞልቷል እኮ እማማ!"

"አይቻለሁ።"

7፡00፣ ወንዙ ላይ

እማማ ያ ታንኳ ከሰጠመበት ቀን ወዲህ ታንኳም ጀልባም ረግጠው አያውቁም። ፊልሙን በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። መሐል ስንደርስ ጎርፉ ጀልባውን አሽከረከረው። ቱሉ ሳቁን አቁሞ በኦሮምኛ ይጮኻል፤ "ተኙ!" እንደሚል ገባኝ። ወለሉ ላይ ወደቅን። ውኃ ጀርባዬ ላይ ፈሰሰ። እማማ አንገቴን አንቀው፣ "እመቤቴ፣ ሳላያት አይሁን፣ ሳላያት አይሁን" ይላሉ። እኔ ጸሎት ጠፍቶኝ የእሳቸውን ደገምኩ።

ከመሻገሪያው በጣም ዝቅ ብለን ቁጥቋጦ ያዘን። ሁሴን በዳርቻው እየሮጠ መጥቶ ጎተተን።

11፡30፣ አሰላ

ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሠራተኛዋ ሰላማዊት ፊልሙን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ፊቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

"እማማ፣ ያዩታል?" አለቻቸው።

"ቆይ... ቆይ ልጄ።" ከዚያ እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ አነሡ።

ጠርዝ ላይ ገመዱን የያዘች ልጃገረድ አለች። ጥርሷ ተገልጧል፤ ካሜራውን አይታ "አንሣኝ" የምትል ትመስላለች።

"አስናቀች" አሉ እማማ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አውርደው እንደ ሐዘንተኛ አጣፉት። "እናቴን ማን ይንገርልኝ?" አሉ። ሰላማዊት ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ሰማኋት።

እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

እማማ እኔ ቤት አደሩ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ካህኑን አስቆሟቸው።

"ፍትሐት ያልተፈታላት እህት አለችኝ፣ አባ።"

"መቼ ነው ያረፈችው?"

"በወጣትነቴ። ያወቅሁት ግን ትናንት ነው።"

ካህኑ አዩን፤ አልመረመሩም። የክርስትና ስሟን ብቻ ጠየቁ።

"ወለተ ኪዳን" አሉ እማማ። ድምፃቸው ተሰበረ። ካህኑ ያልሰሟቸው መስሏቸው ስሙን ጮክ ብለው ደገሙት።